የእንግዳ ዋይፋይ በኪውአር ኮድ፦ የአንድ የደብረ ማርቆስ ፔንሲዮን ጉዳይ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ሲወጣ ይዝላል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ደብረ ማርቆስ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው አልጋ ነው። ቀጥሎ "ዋይፋይ አላችሁ?" ይላል። የሙቅ ውሃው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ በከተማው የኔትወርክና የኮምፒውተር ጥገና እሠራለሁ። እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቶቹ ጉዳያቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸው እንዲወጣ ግን አልፈለጉም። በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በባሕር ዳርም ስለማይ ነው። ብዙ ቤት ኪውአር ኮድ (ስልክ በካሜራ አንብቦት ከዋይፋዩ የሚገናኝበት ጥቁርና ነጭ ካሬ ምስል) አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የኮዱ ሥራ ግን የመጨረሻው ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ከእሱ በፊት ያለው ነው።

ቤቱና ችግሩ

ፔንሲዮኑ 16 ክፍል አለው። ምድር ቤቱ ላይ ሪሴፕሽንና ትንሽ ሻይ ቤት አለ፤ ከላይ አንድ ፎቅ። የሚመሩት እናት ናቸው፤ ሠራተኛውም እንግዳውም "እትዬ" ነው የሚላቸው። ልጃቸው ሪሴፕሽን ትቀመጣለች። ታናሽ ወንድሟ ተማሪ ነው፤ ኮምፒውተር ነክ ነገር ሁሉ የሚጣለው እሱ ላይ ነው።

የዋይፋዩ ፓስዎርድ መስመሩ ሲገባ የተሰጠው ነበር። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የተደባለቀበት። ልጅቷ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ትሰጣለች። እንግዳው ፎቅ ላይ ወጥቶ ይሞክራል። አልገባ ሲለው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጣራል፦ "እህት፣ ይቺ ትልቋ አይ ናት ወይስ አንድ ቁጥር?" ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ደግሞ የሚቀሰቅሰው ዘበኛውን ነው። ዘበኛው ላቲን ፊደል አያነብም። ልጅቷን ይቀሰቅሳታል።

ሁለተኛው ችግር ከአጥሩ ውጭ ነው። ፓስዎርዱ ከእንግዳ ወደ ጓደኛ፣ ከጓደኛ ወደ ሰፈር ተላልፏል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲቸገር፣ በገመድ መስመር የሚሠራ ዋይፋይ ያለበት ቤት ሁሉ ሰው የሚሰበሰብበት ሆኖ ነበር። ዳታው ከተመለሰ በኋላም ልማዱ አልቀረም። ማታ ማታ ተማሪዎች አጥሩን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ከፍሎ ያደረው እንግዳ ቪዲዮ ሲደውል ይቆራረጥበታል። እትዬ ይበሳጩና ፓስዎርዱን ያስቀይራሉ። በማግስቱ 16ቱም ክፍል ሪሴፕሽን ላይ ይሰለፋል።

መጀመሪያ የሞከሩት ኮድ

ልጁ ኪውአር ኮድ አስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። አንድ ነፃ የኮድ መሥሪያ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የኔትወርኩን ስምና ፓስዎርዱን ሞላ፣ አሳተመ፣ በየክፍሉ ለጠፈ። ለአንዳንድ እንግዳ ሠራ። ለብዙው ግን ነጭ ገጽ ብቻ ይከፈታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለማንም መሥራቱን አቆመ፤ ስልኩ ላይ "የሙከራ ጊዜው አልቋል፣ ይክፈሉ" የሚል ይመጣ ጀመር።

ይህ በደንብ መታወቅ አለበት። ሁለት ዓይነት ኮድ አለ። አንደኛው የዋይፋዩን መረጃ ራሱን በውስጡ የያዘ ነው። ስልኩ ሲያነበው ማንንም ሳይጠይቅ ይገናኛል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ጊዜውም አያልፍም። ሁለተኛው የያዘው የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ነው፤ ስልኩ ወደዚያ ድረ ገጽ ሄዶ ነው መረጃውን የሚያመጣው። ዳታ የሌለው ሰው ታዲያ እንዴት አድርጎ ይሂድ? ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት የሚጠይቅ ኮድ ማለት ነው። በዚያ ላይ የቤቱ ፓስዎርድ የማያውቁት ሰው ሰርቨር ላይ ተቀምጧል።

ለዋይፋይ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እሱን ለመሥራትም ድረ ገጽ አያስፈልግም። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በኋላ የመጡ ስልኮች ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ራሳቸው ያወጡታል፤ የተገናኙበትን ኔትወርክ ከፍቶ "ሼር" ማለት ነው። አይፎንም ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ የይለፍ ቃሎች (Passwords) በሚለው መተግበሪያው ውስጥ ያሳያል። ስክሪንሾት ወስዶ ማሳተም ነው የቀረው።

መታወቂያዎቹ

እኔ የተጠራሁት ግን ለኮዱ አልነበረም።

ለሥራ መጥቶ ያደረ አንድ መምህር ላፕቶፑን ታቅፎ ወደ ሪሴፕሽን ወረደ። አልተቆጣም። "እህቴ፣ እስቲ ይህን እዪልኝ" ብሎ አዞረላት። የእንግዳውን ዋይፋይ ይዞ ኔትወርክ የሚለውን ሲከፍት የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ወጥቶለታል። ውስጡ ያለ ፓስዎርድ የተጋራ ፎልደር አለ። ፎልደሩ ውስጥ የእንግዶች መታወቂያ ስካን ተደርድሯል፤ የእሱ፣ ከጎኑ ክፍል ያረፉት ሴትዮ፣ ባለፈው ወር ያደሩት ሰዎች።

ፎልደሩ የተጋራው ለልጁ ላፕቶፕ እንዲመች ነበር። ክፋት የለበትም። ግን እንግዳውም፣ አጥር ሥር ያለው ተማሪም፣ ሪሴፕሽኑም፣ ፕሪንተሩም፣ የካሜራው መቅረጫም አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። መታወቂያ ላይ ስም፣ ፎቶ፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ አለ። ሰው አልጋ ሲይዝ ይህን የሚሰጠው አምኖ ነው። ያንን እምነት መጠበቅ ከኢንተርኔቱ ፍጥነት በፊት ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ያን ቀን ፎልደሩ ተዘጋ፣ ማጋራቱ ጠፋ። ከዚያ ስለ ኮዱ ሳናወራ ኔትወርኩን ወደ መለየት ሄድን።

ፎቅ ላይ አንድ ተጨማሪ ራውተር ነበራቸው፤ ምልክት ማስተላለፊያ ሆኖ ብቻ የሚሠራ። ሴቲንጉ ውስጥ "ጌስት ኔትወርክ" የሚል፣ እንግዳውን ከቤቱ ኔትወርክ ለመለየት የታሰበ ምርጫ ተከፍቷል። ልጁ ይህ በቂ ይመስለው ነበር፤ ምርጫው ስለተከፈተ ማንም እንደዚያ ያስባል። ግን ርካሽ ራውተር በማስተላለፊያ መልክ ሲሠራ ጌስት የሚለው ስም ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንግዳው የቤቱን ኮምፒውተር ማየቱን ይቀጥላል። ስለዚህ መፈተሽ ግድ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ስልክን በእንግዳው ዋይፋይ አገናኝቶ የፕሪንተሩን አድራሻ ብሮውዘር ላይ መጻፍ። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ አልተለየም። እዚህ ቤት ተከፈተ።

መፍትሔው አዲስ ዕቃ ብዙ አልጠየቀም። ዋናው ሞደምና የፎቁ ራውተር ለእንግዳ ሆኑ። የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተሩና የካሜራው መቅረጫ ከሞደሙ ኋላ በገባ ሌላ ትንሽ ራውተር ውስጥ ገቡ፤ የራሱ ስምና የራሱ ፓስዎርድ ያለው። ከውስጠኛው ወደ ኢንተርኔት መውጣት ይቻላል። ከእንግዳው በኩል ወደ ውስጠኛው መግባት ግን አይቻልም። እንግዶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገው ምርጫም ተከፈተ። የሞደሙ አስተዳዳሪ ፓስዎርድ ከሥሩ ከተለጠፈው ተለወጠ፤ ካልተለወጠ ማንም እንግዳ ገብቶ የቤቱን ሴቲንግ ይገለብጠዋል። የፕሪንተሩ ገጽ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም።

ስሙና ፓስዎርዱ

እትዬ የኔትወርኩ ስም በአማርኛ እንዲሆን ፈለጉ። "የኛ ፊደል እያለ" አሉ። እኔም በጣም ወድጄው ነበር። ይቻላልም። ግን የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት (ኮምፒውተር የጽሑፍ መጠን የሚለካበት) አይበልጥም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩኒኮድ ሲጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ 1 ብቻ። "ደብረ ማርቆስ" የሚለው ብቻውን 22 ባይት ነው። "ፔንሲዮን" ሲጨመርበት 38 ይሆናል፤ አይገባም። አንድ አጭር የአማርኛ ስም ሞክረን ባሉት ስልኮች ላይ አየነው። አዳዲሶቹ ላይ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። አንድ የቆየ ስልክ ላይ የተበጣጠሰ ምልክት ሆነ። እንግዳ የትኛው የቤቱ ዋይፋይ እንደሆነ ማንበብ ካልቻለ ስሙ ጥቅም የለውም፤ በላቲን ተጻፈ። አማርኛው ወደ ካርዱ ተዛወረ።

ፓስዎርዱ ላይ ጉዳዩ የምርጫ አይደለም፤ በግዕዝ ፊደል አይሠራም። ደብሊውፒኤ 2 የሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ሥርዓት የሚቀበለው ከ8 እስከ 63 የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ነው። ኮድ ስላለ በጣም ረጅም ማድረግ ያጓጓል። ግን ሁሉም ሰው ስካን አያደርግም፤ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ይጽፋል። ስለዚህ ትንንሽ ፊደልና ቁጥር ብቻ አደረግን። ዜሮና ኦ፣ አንድ ቁጥርና ኤል እንዳይምታቱ አራቱንም አስወጣን። ምልክትም አላስገባንም። ኮዱ ውስጥ መረጃዎቹ የሚለያዩት በሴሚኮለን (;) ነው፤ ያ ምልክት ፓስዎርድ ውስጥ ካለና ኮድ ሠሪው በአግባቡ ካላስተናገደው ስልኩ ፓስዎርዱን ግማሽ ላይ ይቆርጠዋል።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ

ማተሙ ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው እትም ግን አልሠራም። አታሚው ሥራውን ለማሳመር ሲል በኮዱ ዙሪያ ያለውን ነጭ ቦታ ቆርጦ ቡናማ ፍሬም አድርጎበታል። ያ ነጭ ቦታ ትርፍ አይደለም። ኮዱ ከተሠራባቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የአራቱን ስፋት ያህል ባዶ ቦታ በዙሪያው ሊቀር ይገባል፤ ስልኩ ኮዱ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በእሱና በሦስቱ ማዕዘን ባሉት ትልልቅ ካሬዎች ነው። ሁለተኛው እትም በወርቃማ ቀለም ላይ ነጭ ሆኖ መጣ፤ ያምራል፣ ግን ብዙ ስልክ አያነበውም። ጥቁር በነጭ ይሁን አልን።

ላሚኔቱም አስቸገረ። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ የአምፖሉን ብርሃን ይመልሳል፤ ማታ ካሜራው የሚያየው ነጭ ነጸብራቅ ነው። ያለ ላሚኔት በማያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ በሚቆም የፕላስቲክ ማስቀመጫ ውስጥ ገባ። ቡና ቢፈስበት፣ ጥጉ ቢቀደድ ብዙም አያስጨንቅም። ኪውአር ኮድ በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ የተባለ ኩባንያ የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር የፈጠረው ነው። ፋብሪካ ውስጥ መቆሸሽ ስላለ ከኮዱ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው ቢበላሽም እንዲነበብ ሆኖ ሊሠራ ይችላል።

የት ይቀመጥ

ልጁ ግቢው በር ላይ ትልቅ አድርጎ መስቀል ፈልጎ ነበር። እዚህ ላይ አጥብቄ ተከራከርኩ። ኮዱ ፓስዎርዱን አይደብቅም። ማንበቢያ መተግበሪያ ያለው ሰው ፓስዎርዱን እንዳለ በጽሑፍ ያየዋል። ግቢ በር ላይ መለጠፍ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ካርዱ በየክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሆነ፤ አንድ ደግሞ ሪሴፕሽን መሳቢያ ውስጥ። መሳቢያ ውስጥ የሆነበት ምክንያት አለው። ባንኮኒው ላይ የቴሌብር መክፈያ ኮድ ቆሟል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ እንግዳ ዋይፋይ ብሎ የመክፈያውን፣ ክፍያ ብሎ የዋይፋዩን ያነሳል። አሁን ካርዱ ላይ በትልቁ "ዋይፋይ" ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል፤ ከሥሩ የኔትወርኩ ስምና ፓስዎርዱ፤ ከዚያ ሥር አንድ መስመር፦ "ስልክዎ የተለየ ስም ካሳየዎት ወይም ገንዘብ ከጠየቀዎት አይቀጥሉ፣ ሪሴፕሽን ይንገሩን።" በኮድ ላይ ሌላ ኮድ ለጥፎ ማጭበርበር በብዙ አገር የታወቀ ነው። ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ አንሶላ ስትቀይር ካርዱ ላይ የተለጠፈ ነገር አለመኖሩን በጣቷ ትዳብሳለች።

እንግዳ ካርዱን ፎቶ አንስቶ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ ፓስዎርዱ በየወሩ መጀመሪያ ይቀየራል፤ ወር በገባ በ1። ልጅቷ ከስልኳ አዲሱን ኮድ አውጥታ አንድ ገጽ ላይ ብዙ አድርጋ ታሳትማለች፣ ትቆርጣለች፣ ማስቀመጫዎቹ ውስጥ ትቀይራለች። ለረጅም ጊዜ ያረፉት መጀመሪያ አጉረመረሙ። አሁን ካርዱ ክፍላቸው ውስጥ ስላለ አንስተው ይገናኛሉ፤ ሪሴፕሽን አይወርዱም።

ስልኩ ስካን ካላደረገ

አንድ ምሽት እዚያው ቆሜ ያየሁት ነው። ከቢቸና በኩል ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የመጡ አዛውንት ቁልፋቸውን ተቀብለው አልሄዱም።

"ልጄ፣ አዲስ አበባ ያለችውን ልጄን በኢሞ ላያት ነበር" አሏት።

"እሺ አባባ፣ ስልክዎን ይስጡኝ።"

ስልኩ የቆየ ነው፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ካሜራውን ከፍታ ካርዱ ላይ ያዘችው። ምንም አልመጣም። አልተጨነቀችም። የዋይፋይ ሴቲንጉን ከፈተች፤ ከላይ በኩል ትንሽ የስካን ምልክት አለ። ነካችው፣ ካርዱ ላይ ያዘችው፣ ተገናኘ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። የስልኩ ካሜራ ኮድ የማያነብ ቢሆንም ዋይፋይ ሴቲንጉ ውስጥ ያለው ማንበቢያ ይሠራል። እሱም ከሌለ ከካርዱ ላይ እያዩ መጻፍ ነው። ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችላቸው። "ተባረኪ" ብለው እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ደወሉ።

ካርድ ክፍል ውስጥ አለ ብሎ ሠራተኛን ከዚህ ሥራ ማሰናበት ስህተት ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ዋይፋይ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ኮድ ማንሳት የማይችለው ነው።

ተማሪዎቹ

ኔትወርኩ ተለይቶ ፓስዎርዱ ሲቀየር አጥር ሥር የነበሩት ልጆች ቀሩ። እንግዶች ደስ አላቸው። እትዬ ግን አላረፉም። "ፈተና ደርሶባቸው ነው። በጨለማ ግድግዳ ሥር ሲቀመጡ አንጀቴን ይበሉኛል" አሉኝ። ንግድ ነው ብለው ቢያልፉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ሞደሙ ከአንድ በላይ የኔትወርክ ስም ማውጣት ይችላል። ለሻይ ቤቱ ሦስተኛ ስም ከፈትን። ፍጥነቱ የተገደበ ነው፤ ለማንበብና ለቴሌግራም ይበቃል፣ ቪዲዮ ለማውረድ አይሆንም። ከቀኑ 10 ሰዓት ይከፈታል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በራሱ ይዘጋል። ኮዱ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፣ በግልጽ። ልጆቹ አሁን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያጠናሉ። ሻይ የሚገዛ ይገዛል፣ የማይገዛም አይነሳም። በእኔ እይታ የዚህ ሥራ ምርጡ ክፍል ይሄ ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው።

ሚያዝያ 30 እና የቀረው

ሚያዝያ 30 የቅዱስ ማርቆስ ንግሥ ነው። በዋዜማው ቤቱ ሞላ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስትና አራት ሰው። ኮዱን ያነሳሉ፣ ስልኩ "መገናኘት አልተቻለም" ይላል። ሁሉም ኮዱ ተበላሸ አለ። ኮዱ ምንም አልሆነም። ሞደሙ በአንድ ስም ከ32 ስልክ በላይ እንዳያስገባ ተደርጎ ነው የመጣው። ቁጥሩን ከፍ አደረግነው፣ ከፊሉን እንግዳ ወደ ፎቁ ራውተር አዞርነው። መብራት ሲጠፋም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ እንግዳው ኮዱን ይወቅሳል። ለሞደሙና ለፎቁ ራውተር ትንንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ ዕቃ) ተገዛ።

ያልተፈታው የኋለኛው ክፍል ነው። ጓሮ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች በብሎኬትና በኮንክሪት የተከለሉ ናቸው፤ ካርዱ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ምልክቱ ግን አይደርስም። ለእነዚያ እንግዶች ልጅቷ ክፍሉን ከመስጠቷ በፊት ትነግራቸዋለች። እትዬ ከጓሮው ላይ አዲስ ክፍል ሊያሠሩ ስለሆነ፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የኔትወርክ ገመድ ቱቦ ከመብራቱ ተለይቶ እንዲቀበር ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተነጋግረናል። ገመዱ ሲደርስ ሦስተኛ ራውተር እዚያ ይሰቀላል፤ ስሙና ፓስዎርዱ ከሌሎቹ የእንግዳ ራውተሮች ጋር አንድ ስለሚሆን ካርዱ አይቀየርም።